የቀለበቴ ስፋት ያለው ሐዲድ

መካኒሳ አቦ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ፣ ሰላም የምትባል ሴት ስልክ የምትጠግንባት ለአንድ ሰው ተኩል የማትበቃ ሱቅ አለች። ባለፈው ጥቅምት ስልኬ ቻርጅ አልይዝ ብሎኝ ወሰድኩላት። ሰላም አጎንብሳ የመበየጃዋን ጫፍ ቀጭኗ የእርሳስ ሽቦ ላይ ስታሳርፈው ክር የምታህል ጭስ ተነስታ አፍንጫዬ ገባች። የሱቁን ጠርዝ ያዝኩ። የቀለጠ እርሳስና የተቃጠለ ሙጫ ሽታ ነበር። እሱ ሽታ ለእኔ የባለቤቴ የይልማ ሸሚዝ ነው፣ የይልማ ጸጉር ነው፣ የእሁድ ከሰዓት ሁሉ ሽታ ነው።

«እማማ፣ ምነው? ይቀመጡ እንጂ» አለችኝና የራሷን በርጩማ ለቀቀችልኝ።

ተቀመጥኩ። ይልማ ከሞተ ያኔ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነበር። ይህን የምጽፈው ግን ስለ እሱ ብቻ አይደለም፤ ስለ ሲሳይም ነው፤ የይልማን የእጅ ሥራ ወስዶ የራሱን ስም ስለለጠፈበት ሰው። የምፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ የባሌ ስም ወደ ሥራው እንዲመለስ። ይቅር ባይ ሴት አይደለሁም፤ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። በቀን አንድ ገጽ ነው የምጽፈው፤ እጄ ይደክማል፤ ንዴቴ ግን አይደክምም።

ስንጋባ የምንኖረው ጎተራ አጠገብ ነበር፤ አሁን መንገድ በመንገድ ላይ የተቆላለፈበት ቦታ። ሐዲዱ ከአጥራችን ሃያ እርምጃ ርቆ ያልፋል፤ ባቡሩ ሲመጣ ብርጭቆዎቼ መደርደሪያው ላይ ጥርሳቸውን ያፋጫሉ። ጊዜው ስኳር በቀበሌ የሚታደልበት፣ ወንዱም ሴቱም ካኪ የሚለብስበት ነበር። ይልማ ግን እሁድ እሁድ ቴትሮን ሸሚዙን በከሰል ካውያ ተኩሶ፣ ከታች የሰፋውን ሱሪውን አጥልቆ፣ ጸጉሩን በሹካ ማበጠሪያ አንስቶ ይወጣል። ከጎተራ ለገሃር በውይይት ታክሲ ስሙኒ ነበር፤ ፊት ለፊት ተቀምጠን ጉልበት ለጉልበት እየተጋጨን ነው የምንሄደው። አሁን በዚያው መንገድ ሳልፍ ረዳቱ የሚጠራውን ሂሳብ ሰምቼ ለሁለት ዓመት የምመላለስበት ነበር እላለሁ። ሳርዲን ደግሞ አንድ ብር ከምናምን ነበር፤ እኛ ቤት የሚገዛው ለዓሣው ሳይሆን ለጣሳው ነው። ባለሱቁ አንዴ «እናንተ ቤት ድመት አለ እንዴ?» ብሎ ጠይቆኛል። «የለም፣ ባቡር ነው ያለው» አልኩት። እንደ ቀልድ ወሰደው።

ይልማ በባቡር ጥገና ክፍል ቆርቆሮ ሠራተኛና በያጅ ነበር። ቀኑን ሙሉ ትልቁን ሲጠግን ውሎ ቤቱ ሲገባ ትንሹን ይሠራል። የእኛ አገር የድሮው ሐዲድ ጠባብ ነው፤ በሁለቱ ብረቶች መካከል አንድ ሜትር ብቻ። የውጭ አገር የመጫወቻ ባቡሮች ግን የሰፊ ሐዲድ ባቡር አምሳያ ስለሆኑ ወፍራሞች ናቸው፤ እኛን አይመስሉም። ስለዚህ ይልማ መርካቶ አሮጌ ዕቃ ተራ ገብቶ የተሰበሩትን ይገዛና በመጋዝ ምላጭ ይከፍላቸዋል። ከአንዱ ጥርሱን፣ ከሌላው ወገቡን ይወስዳል፤ የቴፕ ሞተር ይጨምርበታል፤ በላዩ ደግሞ ከወተት ዱቄት ጣሳ የቆረጠውን አካል ያለብሰዋል። ከሦስት የሞቱ መጫወቻዎች አንድ ነፍስ ያለው ባቡር ይወጣል። መጫወቻ ያልነበሩትንም ከምንም ተነስቶ ነው የሚሠራቸው። የጭነት ፉርጎው ሳርዲን ጣሳ ነበር። ሐዲዱ የተሰበረ ጃንጥላ ሽቦ ነበር፤ ሰፈሩ ሁሉ ጃንጥላው ሲሰበርበት ለእኛ ያመጣል። የሐዲዱ እንጨቶች የክብሪት እንጨት ነበሩ፤ ሁለት ሁለቱን አጣብቆ በሻይ ቅጠል ውሃ ያጠቁራቸዋል። የእንፋሎቱ ጉልላት የኩል ብልቃጤ ክዳን ነበር፤ ሦስት ቀን ስፈልገው ከርሜ ባቡሩ ጀርባ ላይ አገኘሁት።

የካፖርቴን ነገር ግን ዛሬም አልረሳውም። ቀይ ካፖርት ነበረኝ፤ የሠርጌ ሰሞን የተሰፋ፣ ስምንት የነሐስ ቁልፍ ያለው፤ እያንዳንዱ ቁልፍ ላይ የስንዴ ዛላ ተቀርጾበታል። አንድ ሐምሌ ልለብሰው ሳወጣው ቁልፍ የሚባል የለውም። ይልማ ጠረጴዛው ላይ አጎንብሷል።

«ይልማ! ቁልፎቼስ?»

«ከንፈራቸው አያምርም? ልክ ሐዲዱን እንደሚይዘው የባቡር ጎማ ከንፈር» አለኝ ቀና ሳይል። «ስምንት ቁልፍ፣ አራት ጥንድ ጎማ። አስቢው እስቲ ዘውዴ፣ አንድ ቢጎድል ምን ይውጠኝ ነበር?»

«እኔንስ በዚህ ብርድ ምን ይውጠኝ?»

«በክረምት የትም አትሂጂ፤ እኔ ጋ ቆዪ።»

ያን ክረምት ካፖርቴን በመርፌ ቁልፍ እያያዝኩ ነው ያሳለፍኩት። የሰፈር ሴቶች ባሏ ቁልፍ የማይገዛላት አሉኝ። ሌላም ብለውኛል። እሁድ እሁድ ጣቴ ባዶ ይሆን ስለነበር ተጣልተዋል ይሉ ነበር። ነገሩ ወዲህ ነው። ይልማ ሐዲዱን የሚዘረጋው አሮጌ የእንጨት በር አጋድሞ በላዩ ላይ ነው፤ ሁለቱ ሽቦዎች የትም ቦታ እኩል መራራቅ አለባቸው። መለኪያ አልነበረውም። አንድ እሁድ እጄን ያዘና ቀለበቴን ትኩር ብሎ አየው። ወፍራም የወርቅ ቀለበት ነው፤ የእናቱ ነበር። «አንድ ሜትር ሃምሳ ጊዜ ሲያንስ ሁለት ሴንቲ ነው» አለኝ። ቀለበቱን አውልቆ በማስመሪያ ለካው። «ይሄ ከሁለት ሴንቲ በጥፍር ውፍረት ይበልጣል።»

«እንግዲያው አይሆንማ።»

«ይሆናል። ዘውዴም ከሰው ሁሉ በጥፍር ውፍረት ትበልጣለች።»

እንደዚህ ነው ባቡራችን የተለካው። ሽቦዎቹን በቀለበቴ ግራና ቀኝ ያስጠጋና ይመታል፤ ቀለበቱን ገፋ ያደርገዋል፤ ደግሞ ይመታል። ጎማዎቹን ሁሉ በዚያው ቀለበት ልክ አጣመራቸው። ከሰዓት በኋላ ሬዲዮው የአድማጮች ምርጫ ዘፈን ይለቃል፤ ይልማ ከዘፋኙ ቀድሞ ግጥሙን ይጨርስና ዘፋኙን ይጠብቀዋል። እኔ ጣቴን እያሻሸሁ እቀመጣለሁ፤ ቀለበቱ የነበረበት ቦታ ነጭ ሆኖ ይታያል።

ወደ መካኒሳ ስንዛወር በሩም ከነሐዲዱ አብሮን መጣ። ያኔ ከመካኒሳ ወዲያ ላፍቶ ጤፍ ነበር፤ መስከረም ላይ ነፋስ ሲመታው ከደጃችን ይታየናል። ሲሳይ ቤታችን መምጣት የጀመረው በዚያን ጊዜ ነው። ገና ከትምህርት የመጣ ወጣት ኢንጂነር ነበር፤ የይልማ አለቃ ሆኖ የተሾመ። ሸሚዙ ኪስ ላይ ሦስት እስክሪብቶ ይደረድራል። ይልማ በአሥራ አምስት ዓመት ይበልጠዋል፤ እኛ ግን አንቱ እንለው ነበር። እኔ ሻይ አቀርባለሁ፣ እሱ እግሩን አነባብሮ ይመለከታል። «ጋሽ ይልማ፣ ይሄማ የልጅ ጨዋታ ነው» ይላል። ይልማ ይስቃል። እኔ አልስቅም። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ አንዲት የክብሪት እንጨት አንስቶ አላቀበለም፤ እንግዳ ሲያመጣ ግን ሲያስረዳ የሚውለው እሱ ነው።

ከዓመታት በኋላ የድሮው ባቡር ቆመ። ይልማ ጡረታ ወጣ። ለቡ ላይ አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ጣቢያ ሲከፈት ይዤው ሄድኩ፤ ደስ ይለዋል ብዬ። አጥሩን ተደግፎ ብዙ ቆየ። «ሰፊ ነው» አለኝ በመጨረሻ። «ሰፊ ላይ ማንም ይሄዳል።» ቤት ገብቶ ትንሹን ባቡር በሩ ላይ አስኬደው። ሳንባው ሲደክም እንኳ አልጋው ላይ ሆኖ ፉርጎዎቹን በአሮጌ ካልሲ ይወለውል ነበር። አሥራ ሁለት ናቸው፤ ሞተር ያላቸው ደግሞ ሁለት፤ የእንፋሎቱ ባቡርና ሊትሪና የምንለው ፈጣኑ የሰው ማመላለሻ። ሁለቱም በሬዲዮ ድንጋይ ነው የሚሄዱት።

የአርባው ማግስት ሲሳይ ሁለት ሰዎችና ካርቶን ይዞ መጣ። ድንኳኑ ገና አልፈረሰም ነበር። አሁን ሀብታም ሆኗል፤ ሆዱም ቀድሞት ይገባል። «እትዬ ዘውዴ፣ እዚህ አቧራ ይበላዋል» አለኝ። «ለአገር የሚተርፍ ቅርስ ነው። እኔ ጋ በክብር ይቀመጥ። የጋሽ ይልማን ስም አስጠራዋለሁ።» ዓይኔ ከለቅሶ አብጦ ነበር። በነጠላዬ ጠቅልዬ በእጄ ሰጠሁት። ይህን ስጽፍ እንኳ እጄን መቁረጥ ያምረኛል። በሩን ከነሐዲዱ ግን አልወሰደውም፤ «ሐዲዱን እኔ በዘመናዊ መንገድ አሠራዋለሁ» አለ። አንዲት ፉርጎም ትቶልኝ ሄደ፤ የመጀመሪያዋን፣ የሳርዲኗን። «ይቺ ታስጠላለች» አለ።

እንግዲህ ወደ ሰላም ሱቅ ልመለስ። በርጩማው ላይ እንደተቀመጥኩ የነገሩን አንድ ሁለቱን ነገርኳት፤ ስለ ሽታው፣ ስለ ባቡሩ። ሰላም የወላይታ ልጅ ናት፤ ጴንጤ ናት፤ ሠላሳ አምስት ይሆናታል፤ ምላሷ እንደ መበየጃዋ ነው። ድንገት ስልኳን አወጣችና «እማማ፣ ይሄ ይሆን እንዴ? ላፍቶ የተሠራው አዲሱ ሕንፃ ማስታወቂያ ነው» ብላ ቪዲዮ አሳየችኝ። የይልማ ባቡር መስታወት ውስጥ ቆሟል። ከፊቱ የነሐስ ሰሌዳ አለ። መነጽሬን አላመጣሁም ነበርና ሰላም አነበበችልኝ፤ «በኢንጂነር ሲሳይ ተነድፎ በእጃቸው የተሠራ።»

«ድገሚልኝ» አልኳት።

ደገመችልኝ።

«እማማ፣ ይሄ ሰውዬ ሌባ ነው» አለች።

«ሌባማ ዕቃ ነው የሚወስደው» አልኳት።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ጸሎት አልሆንልኝ አለ። አባታችን ሆይ እልና የበደሉንን ይቅር እንደምንል የሚለው ጋ ስደርስ አፌ ይዘጋል። የንስሐ አባቴ መጥተው «ይቅር በዪው ልጄ» አሉኝ። «መጀመሪያ ይጠይቅ እንጂ አባቴ» አልኳቸው። ሻያቸውን ጠጥተው ተነሱ።

ከሳምንት በኋላ ሲሳይ ራሱ የጥሪ ወረቀት ይዞ መጣ። የራሱ ሕንፃ ምርቃት ነው፤ የሟች ሠራተኛው ሚስት ብገኝለት ያምርለታል። አስገባሁት። እንደ ድሮው ሻይ አቀረብኩለት። ስለ አዲሱ ሐዲድ ሲያወራ አፉ ሞላ። «በስሌት ነው ያሠራሁት፤ አንድ ሜትር ለሃምሳ፣ ልክ ሁለት ሴንቲ። በማሽን የተቆረጠ ነው።»

«ባቡሩን አስኪደህ… አስኪደው ሞክረውታል ወይ?» አልኩት። ምላሴ አንቱን አልፈልግ ብሎኝ ነበር።

«እትዬ ዘውዴ፣ ስሌት አይሞከርም!» ብሎ ሳቀ። «ስመርቀው ነው የማስኬደው፤ ሰርፕራይዝ ነው።»

«ልክ ነው» አልኩት። ስኳር ጨመርኩለት። ቀለበቴ ሻዩን ሳማስል ብርጭቆውን ነካ አደረገው፤ ሰማ፤ አልገባውም። ልነግረው እችል ነበር። አልነገርኩትም። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ሻይ ጣፍጦኝ አያውቅም።

የምርቃቱ ቀን ጥቁሬን ለብሼ ሄድኩ። ጤፉ የነበረበት ቦታ ላይ ስድስት ፎቅ ቆሟል። አዳራሹ ሞልቷል፤ ከጥገና ክፍሉ ጡረተኞችም የተጠሩ አሉ። አጠገቤ የተቀመጠው ጋሽ ደምሴ ነበር፤ የድሮው ባቡር ነጂ፤ ቤታችን እሁድ እየመጣ ለባቡሩ በአፉ ጥሩምባ የሚነፋለት። ሰሌዳውን አንብቦ ጢሙን ይነጫል። «ዘውዴ፣ እኔ ልነሳ ነው» አለኝ። «ተቀመጥ፣ ይሂድ መጀመሪያ» አልኩት።

ሲሳይ ማይክ ያዘ። «ይህን ባቡር ከሥራ ሰዓት ውጭ በገዛ እጄ ነው የሠራሁት» አለ። «አንዳንድ ሠራተኞቼ፣ ለምሳሌ ነፍሱን ይማረውና ይልማ፣ መሣሪያ እያቀበሉ ረድተውኛል። ባለቤቱም እዚህ አሉ።» ተጨበጨበልኝ። ከዚያ መስታወቱን አስነስቶ ባቡሩን አስነሳው። አንድ ክንድ ያህል እየተንገጫገጨ ሄደ፤ የጎማዎቹ ከንፈር ሐዲዱ ላይ ወጣ፤ ባቡሩ በጎኑ ተኛ። አነሳው። ደግሞ ተኛ። በሦስተኛው ከነፉርጎዎቹ ተደረመሰ። ልቤ አዘነ፤ የባሌ ልጆች ናቸው የወደቁት። ግን ዓይኔን አልነቀልኩም።

«መብራቱ ነው፤ ፓወር ይዋዥቃል» አለ ሲሳይ ላቡን እየጠረገ።

«በድንጋይ የሚሄድ ባቡር መብራት ምን አገባው?» አለ ጋሽ ደምሴ ጮክ ብሎ።

እኔ ቀድሜ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ጣቴን በሳሙና አርጥቤ መጥቼ ነበር። በዚህ ዕድሜ ቀለበት እንደ ድሮው አይወልቅም። አውልቄው ተነሳሁ፤ ወደ ጠረጴዛው ሄድኩ። ከወደቁት ፉርጎዎች የማውቃትን አንዷን ገለበጥኩ።

«ሲሳይ፣ እነዚህን ጎማዎች ከምን ሠራሃቸው?» አልኩት። አንተ ስለው የፊት ወንበሮቹ ሁሉ ዘወር ብለው አዩኝ።

«ከ… ከውጭ ያስመጣሁት ነሐስ ነው፣ እትዬ ዘውዴ፣ አሁን ይቀመጡና…»

«የስንዴ ዛላ የተቀረጸበት ጎማ የሚሠራው የትኛው አገር ነው? ይሄ የካፖርቴ ቁልፍ ነው። አንድ ክረምት የበረደኝ ለዚህ ነው።» አንዲት ሴት ከኋላ ሳቀች። ከዚያ ቀለበቴን በሲሳይ ሐዲድ መካከል አስቀመጥኩት። አልገባም፤ ብረቶቹ ላይ ተንሳፈፈ። ከዚያ የጥንዱ ጎማ ጀርባ ላይ አጋደምኩት፤ ከከንፈር እስከ ከንፈር ገጠመ። አንድ በአንድ አራቱንም ጥንድ። «ባሌ የለካው በዚህ ነው። አንተ በምን ለካኸው?»

«በ… ስሌቱ ሁለት ሴንቲ ነው» አለ።

ጋሽ ደምሴ ተነሳ። «ኢንጂነር፣ ስሌትህ ልክ ነው» አለ። «ባቡሩ ያንተ አይደለም እንጂ።»

ቀለበቴን አጠለቅሁና ወጣሁ። በዚያው ሳምንት ሰሌዳው ተነሳ አሉኝ፤ የአራት ብሎን ቀዳዳ ቀረ። ሲሳይ ሽማግሌ ላከ፤ ሦስት ሰዎች፣ ጋሽ ደምሴም አንዱ፤ እሱ የመጣው ለመሸምገል ሳይሆን ለማየት እንደሆነ ዓይኑ ይናገራል። ሲሳይ ከኋላቸው ቆሟል። ካሳ ይቀበሉ አሉኝ። አልፈልግም አልኩ። ባቡሩን ይመልስልዎት አሉ። እሱን እንኳ አልፈልግም አልኩ። ቤቴ ቢገባ ማን ያየዋል? ሰው ይረሳል፤ ሲሳይም ይረሳል። «እዚያው ሕንፃው ውስጥ ይቁም፤ ሐዲዱን በቀለበቴ ልክ ያስተካክል። ሰሌዳ አልፈልግም። ስሙን አስጠራዋለሁ ብሎኝ ነበር፤ ያስጠራ። ማን ሠራው ብሎ ለጠየቀው ሁሉ፣ ከተቀመጠበት ተነስቶ፣ በገዛ አፉ ይናገር።»

ሽማግሎቹ ተያዩ። ቀላል መሰላቸው። ለሲሳይም ቀላል መሰለው፤ መስቀል ይዞ ማለልኝ። ጋሽ ደምሴ ብቻ ሳቁን ሊደብቅ ጢሙን በእጁ ሸፈነ።

በማግስቱ የመጀመሪያዋን ሰው ላክሁ። ሰላም ናት። ለምሳ ሱቋን ዘግታ ሄዳ ስትመለስ እየሳቀች ነበር። «እማማ፣ ስብሰባ ላይ ነበር፤ በሩን አንኳኩቼ ‹ኢንጂነር፣ ያንን ባቡር ማን ነው የሠራው?› አልኩት። ተነሳ! ቆሞ ነገረኝ!» ከዚያ የማኅበሬን ሴቶች ላክሁ፤ አንድ በአንድ፣ በተለያየ ቀን። የጡረታ ቀን የጥገና ክፍሉን ሰዎች ላክሁ፤ ተሰልፈው ጠየቁት። የላፍቶ ታክሲ ተራ አስከባሪውም ሄዷል፤ የንስሐ አባቴ ሳይቀሩ በዚያ ሲያልፉ ገብተው ጠይቀዋል፤ ለምን እንደጠየቁ አልነገሩኝም፣ እኔም አልጠየቅኋቸውም። መሐላ ነውና ይናገራል። ደክሞታል አሉ፤ ሰው ሲመጣ ካየ ቀድሞ ይነሳል አሉ። ይድከመው።

እሁድ ከሰዓት፣ ጓዳ የተጋደመው የሐዲዱ በር ፊት እቀመጣለሁ። ሳርዲኗን ፉርጎ በጣቴ ገፋ አደርጋታለሁ። ሐዲዱን ዞራ ትመጣለች፤ አንድ ቦታ አትደናቀፍም። ሬዲዮው ሌላ ዘፈን ነው የሚዘፍነው፤ ግጥሙን ቀድሞ የሚጨርስ የለም።

የሁለተኛ ሙት ዓመቱ ዕለት ከቤተ ክርስቲያን ወጥቼ ራሴ ሄድኩ። ባቡሩ ይዞራል፤ ቀጥ ብሎ፣ ሳይንገጫገጭ፣ የኩል ክዳኔን ተሸክሞ። ብዙ ቆምኩ። ሲሳይ ከቢሮው በመስታወት አየኝ። ወጣ። ጸጉሩ ሸብቷል፤ እጁን ከፊቱ አጣምሮ ቆመ።

«ይህን ባቡር ማን ነው የሠራው?» አልኩት።

«ጋሽ ይልማ ነው የሠራው፣ እትዬ ዘውዴ» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ።

በአዳራሹ ሰው ይተላለፋል። ቀለበቴን በጣቴ ላይ አንድ ጊዜ አዞርኩት።

«አልሰማሁህም» አልኩት።